ክፍሉ ደጋ፣ በሽታው ቆላ፦ ማኅበራዊ ሚዲያ ለነርስ ተማሪ ምን ይጠቅማል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ታርማበር ላይ ሲደርስ ጋቢውን ይደርባል፤ ዋሻውን አልፎ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ግን ሸሚዙም ይከብደዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ቢሞላ ነው። ይህን መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። ከአየሩ ጋር በሽታውም እንደሚለወጥ ግን ብዙ አይወራም፤ ነርስ ለመሆን ለሚማር ወጣት ዋናው ጉዳይ ደግሞ እሱ ነው።

የሰሜን ሸዋ የነርስ ትምህርት ማዕከል ደብረ ብርሃን ነው። የዩኒቨርሲቲው የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስም፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጁም እዚያው ይገኛሉ። ወባ ደብረ ብርሃን ላይ በአብዛኛው የስላይድ ርዕስ ነው፤ ተማሪው ምልክቱን ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ያልፋል። በይፋት ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬና ሰንበቴ ባለው ሞቃት ሜዳ ግን ወባ ማለት ክረምቱ ሲወጣ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ የሚረዝመው ወረፋ ነው። በደጋው ክፍል አብረው የተማሩ ልጆች ለአታችመንት፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ፣ ሲበተኑ አንዱ ቅዝቃዜ ውስጥ የሳንባ ምች ሲያይ፣ ሌላዋ ቆላ ወርዳ በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሰው ትቀበላለች። መምህሩ በሁሉም ቦታ ሊገኝ አይችልም። ሁለቱ ተማሪዎችም ያዩትን ለመጨዋወት ግቢ እስኪመለሱ ይጠብቃሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ግማሹ ተረስቷል።

ማኅበራዊ ሚዲያ ለትምህርት ይጠቅማል ሲባል የሚጠቅመው እዚህ ክፍተት ላይ ነው። የቀረው ብዙ ወሬ ነው።

ስልኩ አስቀድሞም እጃቸው ላይ አለ። ኮሮና አገር ውስጥ መግባቱ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ተነግሮ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ሃንድአውት በቴሌግራም መላክ በየዩኒቨርሲቲው የተለመደ ሆነ። ከዚያ በፊት በ2011 ዓ.ም. ለጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና ተጀምሮ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሁሉ የሚወስደው የመውጫ ፈተና መጣ። ሁለቱ ፈተናዎች ቴሌግራምን በጥያቄ ስብስብ አጥለቀለቁት። ዛሬ አንድ የነርስ ተማሪ የባቹ ግሩፕ፣ የዲፓርትመንቱ ግሩፕ፣ ሦስትና አራት የፈተና ቻናል፣ ሌላም ሌላም አለው። ስልኩ ሞልቶ «ቦታ የለም» እስኪል ፒዲኤፍ ያወርዳል።

ይህን መማር ለማለት ይከብደኛል። ፋይል ማውረድ ሰውን ያጠና ያህል ያረካዋል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ደግሞ ደጋግሞ የተነበበ ነገር የታወቀ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን በሙከራ አሳይተዋል። አንዱን የተማሪዎች ቡድን አጭር ጽሑፍ አራት ጊዜ አስነበቡት፤ ሌላውን አንድ ጊዜ ብቻ አስነብበው ያስታወሰውን ሦስት ጊዜ እንዲጽፍ አደረጉት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈትኗቸው ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶውን አስታወሱ፣ ሌሎቹ 71 በመቶውን። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አንባቢዎቹ ወደ 40 በመቶ ወረዱ፣ ራሳቸውን የጠየቁት 61 በመቶው አልጠፋቸውም። ለነገ ጠዋት ፈተና ማንበብ ይበቃ ይሆናል። ከሦስት ወር በኋላ ሸዋ ሮቢት ላይ ሌሊት ዱቲ ገብቶ መድኃኒት ለሚለካ ሰው ግን የሚያዛልቀው ሁለተኛው መንገድ ነው።

ስለዚህ የግሩፑ ዋና ሥራ ፋይል ማደል መሆኑ ቀርቶ ጥያቄ መጠየቅ መሆን አለበት። ቴሌግራም ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኪዊዝ የሚባል የጥያቄ ዓይነት ተጨምሮበታል፤ መምህሩ ጥያቄውንና አማራጮቹን ጽፎ ትክክለኛውን መልስ ምልክት ያደርግበታል፣ ተማሪው ሲነካው ማግኘት አለማግኘቱ ወዲያው ይነገረዋል፣ አጭር ማብራሪያም ሊከተልለት ይችላል። ከሁሉ የሚጠቅመው ማን ምን እንደመለሰ እንዳይታይ ማድረግ መቻሉ ነው። የእኛን ክፍል የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደሚጠቅም አይጠፋውም። መምህሩ «ጥያቄ አላችሁ?» ሲል ዝም የሚለው ተማሪ ሁሉ ገብቶት አይደለም፤ ይሉኝታ ይዞት ነው፣ ከሲኒየር ፊት መሳሳት አሳፍሮት ነው። ስሙ በማይታይበት ኪዊዝ ግን የተሳሳተውም ይመልሳል። መምህሩም ከክፍሉ ግማሹ ሁለተኛውን የተሳሳተ አማራጭ መምረጡን ሲያይ ነገ ምን እንደሚደግም ያውቃል።

ጥያቄው ግን ምን ዓይነት ይሁን? «የወባ አስተላላፊ ማን ናት?» ዓይነቱ ለአሥረኛ ክፍል ይሆናል። ለነርስ ተማሪ ሰው ያለበት ጥያቄ ይሻላል። ለምሳሌ እንዲህ ብለን እናስብ። ከደጋ ለቀን ሥራ የወረደ ወጣት ሦስት ቀን ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት መጥቷል፤ በፈጣን ምርመራ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ተገኝቶበታል፤ የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም የመጀመሪያው መጠን ተሰጠው፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ አስመለሰው። ምን ታደርጋለህ? አማራጮቹ፦ እስከ ሁለተኛው መጠን መጠበቅ፣ ሙሉውን መጠን መድገም፣ ግማሹን መስጠት፣ መድኃኒቱን ማቋረጥ።

መልሱ ሙሉውን መጠን መድገም ነው፤ መድኃኒቱ በተወሰደ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ ወደ ሰውነት ገባ ተብሎ አይታመንምና። ጥሩ መምህር እዚህ አያቆምም። «ደግሞ ቢያስመልሰውስ?» ይላል። ያን ጊዜ በአፍ መውሰድ የማይችል ሕመምተኛ ሆኗል ማለት ነው፤ የአደጋ ምልክቶችን ማየትና በመርፌ ወደሚሰጥ ሕክምና ማለፍ ይመጣል። «ወደ ቤቱ ሲሄድስ ምን ትነግረዋለህ?» ይላል ቀጥሎ። ሁለተኛው መጠን ከስምንት ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ፣ በድምሩ ስድስት ጊዜ፤ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ቢሆን መድኃኒቱ በደንብ ይሠራል። ይህን ለሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ መንገር የነርሷ ሥራ ነው። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቀው ቀሪውን ኪኒን ለወንድሙ የሚያስቀምጥ ሰው ሞልቷልና።

በማግሥቱ ስሌት ይመጣል። በጽኑ ወባ የተያዘ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን አርቴሱኔት ታዞለታል። ከ20 ኪሎ በታች ላለ ልጅ መጠኑ በኪሎ 3 ሚሊግራም ነው፤ ስለዚህ 30 ሚሊግራም። ባለ 60 ሚሊግራሙ ዱቄት አብሮት ከሚመጣው 1 ሚሊሊትር ባይካርቦኔት ጋር ከሟሟ በኋላ 5 ሚሊሊትር ሳላይን ሲጨመርበት እያንዳንዱ ሚሊሊትር 10 ሚሊግራም ይይዛል። በደም ሥር የሚሰጠው እንግዲህ 3 ሚሊሊትር ነው፤ ከ12 ሰዓትና ከ24 ሰዓት በኋላ ይደገማል። ይህን ስሌት ተማሪዋ ተረጋግታ፣ ተሳስታ፣ ታርማ ብታውቀው ይሻላል፤ እናት እያለቀሰች፣ ሕፃኑ እየተንፈራገጠ መጀመሪያ ከምትሞክረው። የተዘጋጀው መድኃኒት ዓይነት ሊለያይ ስለሚችል ማሸጊያው ላይ ያለውን መመሪያ ማንበብ እንዳይቀር በማብራሪያው ውስጥ መግባት አለበት።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በቀን አንድ ይበቃል። ሰዓቱ የታወቀ ቢሆን፣ ለምሳሌ ከምሽት ዱቲ ርክክብ በኋላ፣ ተማሪው ይለምደዋል። አሥር ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሚለቅ መምህር ብዙ የሠራ ይመስለዋል እንጂ ሦስተኛው ላይ ሰው ይበተናል።

ከኪዊዝ የሚበልጠው ግን ቆላ የወረዱት ተማሪዎች ራሳቸው የሚያመጡት ጥያቄ ነው። በክፍል የተማሩትና ዋርድ ውስጥ ያዩት የማይገጥምበት ጊዜ አለ፤ መጽሐፉ የጠየቀው ዕቃ ጤና ጣቢያው ውስጥ የለም፣ ሕመምተኛው በመጽሐፉ ቅደም ተከተል አይታመምም። ይህ የገጠማትን ተማሪ «ዛሬ ያልገባኝ አንድ ነገር» ብላ እንድትጽፍ ማስለመድ፣ ደብረ ብርሃን ያለው ጓደኛዋም ሳያየው እንዲያስብበት ማድረግ፣ ሁለቱንም ያስተምራል። ይህ ሐሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በቡድን አድርጎ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር፤ አንዱ ከሌላው እንዲማር። ያኔ ውይይቱ ማታ በፋኖስ ነበር፣ ቡድኑም አንድ ግቢ ያድር ነበር። ዛሬ የተበተነውን ቡድን ማታ የሚሰበስበው ስልክ ሊሆን ይችላል።

ይፋት ለዚህ የራሱ የሆነ ሌላ ምክንያት አለው። የእሑዱን የሰንበቴ ገበያ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ ከበረሃው የሚመጣው አፋር እዚያ ይገናኛል። ጤና ጣቢያውም ይህን ሁሉ ሰው ይቀበላል። «የት ጋ ያምዎታል?»፣ «መቼ ጀመረዎ?»፣ «መድኃኒቱን ስንት ጊዜ ወሰዱ?» የሚሉትን ጥያቄዎች በአፋን ኦሮሞ፣ በአርጎብኛና በአፋርኛ መናገር የሚችሉ ተማሪዎች ባቹ ውስጥ ካሉ፣ በራሳቸው ድምፅ ቀድተው ግሩፑ ላይ ቢያኖሩት ከብዙ ስላይድ ይበልጣል። የድምፅ መልእክት ከቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር ዳታም ብዙ አይበላም። ሕመምተኛ ግን አይቀዳም፤ የሚቀዳው የተማሪው ድምፅ ብቻ ነው።

ይህን ካነሳሁ አይቀር ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። የሕመምተኛ ምስጢር ከስልክ ጋር አብሮ አይኖርም፤ በግድ ማኖር ይጠይቃል። ከተማ ሲያንስ ምስጢር ይበልጥ ቀጭን ይሆናል። «ስሙን አልጠቀስኩም» ማለት አዲስ አበባ ላይ ይበቃ ይሆናል። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን «ትናንት ማታ ከእገሌ ቀበሌ የመጣች፣ መንታ የወለደች የ17 ዓመት ልጅ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ማን እንደሆነች ያውቃል። ስለዚህ ኬዝ ሲጻፍ ስም ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ ቀበሌውም፣ ቀኑም፣ ብሔሩም፣ ሥራውም፣ ትክክለኛ ዕድሜውም ለትምህርቱ ካላስፈለገ ይወጣል። «በሃያዎቹ ውስጥ ያለች እናት» ይበቃል። ሌላው ብልሃት ወዲያው አለመጻፍ ነው፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላ የቀረበ ኬዝ ትምህርቱ አይቀንስም፣ ሰውየው ግን ይሸሸጋል።

ፎቶ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ቁስሉን ብቻ ያነሳህ ቢመስልህም ጀርባው ላይ የካርዱ ስም፣ የአስታማሚው ፊት፣ የአልጋው ቁጥር ይገባል። በፋይል መልክ የተላከ ፎቶ የተነሳበትን ሰዓትና ቦታ አብሮ ይዞ ሊሄድ ይችላል። «ፈቅዶልኛል» የሚለውን መልስም ብዙ አላምነውም። ትኩሳት ያንገላታው ሰው ነጭ ጋዋን ለለበሰ ልጅ እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ፈቃድ መስጠቱን እንጂ ፎቶው የት እንደሚደርስ አያውቅም። ለተማሪዎች ግሩፕ የሚመቸው ሕግ አጭር ነው፦ የሕመምተኛ ፎቶ የለም። ቁስል ማየት ያስፈለገ እንደሆነ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል አለ።

በሕግም ቀልድ የለውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ነርሶችን ጨምሮ በሙያው ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣ ባለሙያን ያስጠይቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል አስቀምጦታል። ብዙ ተማሪ የማያውቀው አንድ ቴክኒካዊ ነገርም አለ፤ ተራ የቴሌግራም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም። ከቻቶቹ መካከል ያን የሚያደርገው በሁለት ሰዎች መካከል የሚከፈተው ምስጢራዊ ቻት ብቻ ነው። ግሩፕ ውስጥ የተጻፈው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፣ ስክሪንሾት ይነሳል፣ ወደ ሌላ ግሩፕ ይተላለፋል። ስለ ቲክቶክ ብዙ አልልም። ዋርድ ውስጥ በጋዋን መደነስ መማሪያ አይደለም፣ ሕመምተኛውም መድረክ አይደለም።

ስሕተት የሚሰራጭበት ፍጥነትም ያሳስባል። አንድ ሲኒየር በእርግጠኝነት የጻፈው የተሳሳተ መጠን ሌሊቱን ሦስት ግሩፕ ያዳርሳል። መድኃኒቱ ጨው አይደለም፣ «ትንሽ በዛ» ተብሎ አይታለፍም። ለዚህ መፍትሔው መልስ ከምንጭ ጋር ብቻ እንዲጻፍ መልመድ ነው፤ የጤና ሚኒስቴር መደበኛ የሕክምና መመሪያ፣ ወይም ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩበት የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ክሊኒካዊ መመሪያ የትኛው ገጽ? «ሲኒየር ነግሮኝ ነው» ምንጭ አይደለም። መምህሩም ሲሳሳት ፊት ለፊት ቢያርም፣ ተማሪው መታረምን እንደ ነውር ከማየት ይድናል።

ደግሞ ግሩፑ ለድንገተኛ ጉዳይ አይደለም። የሚያንፈራግጠው ሕፃን ፊት ቆማ ቴሌግራም ላይ «ምን ላድርግ?» የምትጽፍ ተማሪ መጥፎ ነገር ተምራለች። አጠገቧ ያለችው ሲስተር፣ ተረኛው ጤና መኮንን ወይም ሐኪም ይቀድማል። ይህ በመጀመሪያው ቀን ግሩፑ ላይ ተጽፎ ፒን ቢደረግ ጥሩ ነው።

የኔትወርኩ ነገር ይቀራል፤ በይፋት ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ግጭትና ጦርነት አልፎባቸዋል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ በአገሪቱ ተገድበው ነበር፤ ለመጀመሪያው የመውጫ ፈተና የተዘጋጁት ተማሪዎች በዚያው ጊዜ በቪፒኤን እየተሹለከለኩ ነው ያጠኑት። ያ ገደብ በተነሣ በሳምንታት ውስጥ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለረጅም ጊዜም ሳይመለስ ቆየ። እንዲህ ባለ አካባቢ ትምህርትን በኢንተርኔት ላይ ብቻ መጣል ሞኝነት ነው። የሳምንቱ ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ታትመው ጤና ጣቢያው ውስጥ ቢለጠፉ፣ መመሪያዎቹ ኔትወርክ ባለ ጊዜ ወርደው ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ቢተላለፉ፣ ሲቋረጥ የሚደወልበት የመምህር ቁጥር ቢኖር ትምህርቱ አይቆምም። ስልኩ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ቅንብሩን መዝጋትም ለተማሪ ኪስ ይረዳል፤ የወር ጥቅል በግማሽ ወር የሚያልቀው ብዙ ጊዜ በማይታይ ቪዲዮ ነው።

ከተመረቁ በኋላስ? የቆላ ነርስ ዋና ችግር ብቸኝነት ነው። ክፍል የለም፣ መምህር የለም፣ ያላወቁትን የሚጠይቁት ሰው ጥቂት ነው። ብቸኝነቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ቴሬሳ ቺን የተባለች እንግሊዛዊት ነርስ በየቦታው በጊዜያዊነት ስትሠራ ከሙያ ጓደኞቿ መነጠሏ ቢከብዳት ያኔ ትዊተር ይባል በነበረው መድረክ ላይ ነርሶችን ለውይይት መጥራት ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 «ዊ ነርስስ» ብላ ያቋቋመችው መድረክ አንድ ርዕስ ይዞ በቀጠሮ ሰዓት የሚወያይ የነርሶች ማኅበረሰብ ሆነ። ቀጠሮው፣ አንዱ ርዕስና የሚመራ ሰው መኖሩ ነው ያቆመው። የእኛም አገር ባለሙያ የሥራ ፈቃዱን ሲያሳድስ ሲፒዲ የሚባለውን ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ መውሰዱን ማሳየት ይጠበቅበታል። በቴሌግራም መወያየት የሲፒዲ ሰርተፊኬት አያስገኝም፤ በተማሪነቱ በየማታው ራሱን መጠየቅ የለመደ ሰው ግን ሥልጠናውን ለሰርተፊኬት ብቻ አይቀመጥም።

መምህራን ብዙ ጊዜ የሚያነሱት የመጨረሻ ጥያቄ «ማርክ እንስጥበት?» የሚል ነው። ባይሰጥ ይሻላል። ማርክ ሲመጣ መልስ መቀባበል ይመጣል፣ ስልክ የሌለው ወይም ጥቅል ያለቀበት ልጅ ይቀጣል፣ ያ ስም የማይታይበት ነጻነትም ይጠፋል። ማርኩ ሎግቡክ ላይ ይቆይ፤ ካኑላ ማስገባቱን፣ ቫይታል ሳይን መውሰዱን፣ የሕፃኑን መጠን አስልቶ መስጠቱን ዋርድ ውስጥ አጠገቡ ቆማ ያየች ፕሪሴፕተር፣ ማለትም አሠልጣኝ ነርስ፣ ትፈርምበት። ግሩፑን የሚከፍተው መምህርም ተማሪዎቹ አውቶቡስ ላይ ሳይወጡ፣ ደብረ ብርሃን እያሉ ይክፈተው፤ ደንቡን አብረው ያውጡት፣ አድሚንነቱን በየሳምንቱ ለአንድ ተማሪ ያዙረው፣ የመጀመሪያዋን ጥያቄም እዚያው ክፍል ውስጥ በስልካቸው ይመልሷት።